በአጋሰስ መንገድ በብስክሌት

በሰሜን እንግሊዝ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ሙር የሚባል መሬት አለ። ዛፍ የለውም፤ እርሻ የለውም፤ አናቱ እንደ ኢትዮጵያ የሰሜን ተራሮች በገደል የተሸነተረ ሳይሆን እንደ ምጣድ የተንጣለለ ነው። ሄዘር የተባለ ቁጥቋጦ፣ ጓሳ የሚመስል ሸካራ ሣርና ረግረግ እየተፈራረቁ ይሸፍኑታል። ሄዘር የአስታ ዘመድ ነው። አስታ በሰሜንና በባሌ ከፍታ ላይ ዛፍ እስከ መሆን ሲደርስ ሄዘር ከጉልበት ብዙም ሳያልፍ ይቀራል፤ ነሐሴ ላይ ሲያብብ ግን ተራራውን ሁሉ ወይን ጠጅ ያለብሰዋል። ጓደኛሞች ስንቃቸውን በተራራ ብስክሌት ጭነው ይህን መሬት ለቀናት ማቋረጥ በብሪታንያ የታወቀ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ነው።

ከታች ያለው አፈር ተራ አፈር አይደለም። ዝናብ በማያቋርጥበትና ውሃው በማይሰርግበት ቦታ የሞተ ሣርና ተክል ሙሉ በሙሉ አይበሰብስም፤ ተደራርቦ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ንብርብር ይሆናል። ፒት ይባላል። በዓመት የሚጨምረው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የአንድ ሜትር ጥልቀት የሺህ ዓመት ክምችት ነው ማለት ነው። ፒቱን በዋናነት የሚሠራው ስፋግነም የተባለ፣ የደረቅ ክብደቱን ሃያ እጥፍ ያህል ውሃ መያዝ የሚችል ስፖንጅ መሰል ተክል ነው። ከሙር የሚወርደው ወንዝ ሻይ የመሰለው በዚህ ፒት ምክንያት ነው።

ባዶነቱ ከፍጥረት የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው። ቀድሞ ከዚህ ከፍታ ብዙው ደን ለብሶ ነበር። በድንጋይና በነሐስ ዘመን የነበሩ ሰዎች ጨፈጨፉት፣ አቃጠሉት፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በግ ችግኝ እንዲያድግ አልፈቀደም። የአየሩ እርጥበት እየጨመረ ሲሄድ ፒቱ የቀረውን ሸፈነው። እዚህ ላይ ቤት የሚሠራ ስለጠፋ ሙሩ የማንም መኖሪያ ሳይሆን የሁሉም መተላለፊያ ሆነ። ዛሬ ብስክሌት የሚሽከረከርባቸው መንገዶች የተወለዱትም ከዚህ ነው።

የመንገዶቹ አባት የጭነት ፈረስ ነው። ለጋሪ የሚሆን መንገድ ባልነበረበት ዘመን በፔናይን ተራሮች ግራና ቀኝ ባሉ ሸለቆዎች መካከል ሱፍ፣ ጨርቅ፣ ጨውና ኖራ የሚመላለሰው በአጋሰስ ነበር። ፈረሶቹ አንዱ ከአንዱ ተከታትለው ይጓዛሉ፤ መሪው ፈረስ አንገቱ ላይ ቃጭል አለው፤ በጠባቡ መንገድ ከፊት የሚመጣ ሌላ ቅፍለት ድምፁን ሰምቶ ቦታ ይለቃል። የሲራራ ነጋዴን ታሪክ ለሰማ ኢትዮጵያዊ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። አሞሌ ከአፋር በግመልና በአህያ ወደ ደጋ እንደወጣ ሁሉ የቼሸር ጨውም በሎንግደንዴል ሸለቆ አድርጎ ወደ ዮርክሻየር የተሻገረው በፈረስ ጀርባ ነው። ቅፍለቱ በየዕለቱ በሚረግጠው ፒት ውስጥ እንዳይሰምጥ ጠፍጣፋ የአሸዋ ድንጋይ በአንድ ረድፍ ተነጠፈ። ከእነዚህ ንጣፎች ብዙዎቹ ዛሬም አሉ፤ መሐላቸው በኮቴ ተቦርቡሮ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። ዝናብ ሲጥል ጉድጓዱ ውሃ ይቋጥራል፤ የብስክሌት ጎማም ሳይወድ በግድ ወደዚያው ቦይ ይገባል።

ብስክሌተኛው በዚህ መንገድ ላይ የሚሄደውም በፈረስ ስም ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ ገጠሩን የሚያቋርጡ የሕዝብ መተላለፊያዎች በየዓይነታቸው ተለይተዋል። ፉትፓዝ የሚባለው ለእግረኛ ብቻ ነው፤ ብራይድልዌይ የሚባለው ለእግረኛና ለፈረሰኛ። ብስክሌት በሁለቱም ላይ አልተፈቀደለትም ነበር። በብራይድልዌይ ላይ እንዲሄድ የተፈቀደለት በ1968 በወጣው የገጠር አዋጅ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አዋጁ ሁለት ነገሮችን አያይዞ አስቀምጧል፦ ብስክሌተኛ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ ይሰጣል፤ መንገዱን ለብስክሌት እንዲመች የማድረግ ግዴታ ግን በማንም ላይ አልተጣለም። በአጭሩ ብስክሌተኛው የፈረስ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ የቀረበለትን ይበላል። ጭቃው ጭቃ ነው፤ ድንጋዩም ድንጋይ።

ይህ ልዩነት በካርታ ላይ ካልታየ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ይበላሻል። የብሪታንያ የካርታ ሥራ ድርጅት በሚያትመው የ1፡25,000 ካርታ ላይ የእግረኛውም የፈረሰኛውም መንገድ በአረንጓዴ ሰረዝ ይሳላሉ፤ የእግረኛው አጭር ሰረዝ፣ የፈረሰኛው ረጅም። መሬት ላይ ደግሞ በየምሰሶው የተለጠፈ ቀስት አለ፤ ቢጫው የእግረኛ፣ ሰማያዊው የብራይድልዌይ ነው። በ2000 የወጣው ሌላ ሕግ ሕዝቡ በክፍት ሙር ላይ እንደልቡ እንዲዘዋወር ቢፈቅድም ፈቃዱ ለእግር እንጂ ለጎማ አይደለም። ስኮትላንድ ከዚህ ትለያለች፤ የ2003 የመሬት ማሻሻያ ሕጓ ብስክሌተኛው ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ በአብዛኛው መሬት ላይ እንዲያልፍ ይፈቅድለታል።

በብስክሌት ሙር መሻገር ግን ከአዋጁም ከተራራ ብስክሌቱም ይቀድማል። በ1919 መጋቢት ላይ ወልተር ማግሬጎር ሮቢንሰን የተባለ፣ «ዌይፋረር» በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ብስክሌተኛ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የዌልስን የበርዊን ተራሮች በበረዶ ውስጥ ተሻገረ። የያዙት ተራ ብስክሌት ነበር፤ ብዙውን መንገድ እየገፉት፣ አንዳንዴም ተሸክመውት ሄዱ። በዚያው ዓመት በአንድ የብስክሌት መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ብዙ ተከታይ አፈራ። በ1955 ደግሞ ከአስፋልት ውጭ የሚጓዙ ብስክሌተኞች «ራፍ ስታፍ ፌሎውሺፕ» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጣቶች በአሮጌ ወፍራም ጎማ ብስክሌት ቁልቁለት መውረድ የጀመሩትና የዛሬው የተራራ ብስክሌት የተወለደው በ1970ዎቹ ነው። የተራራ ብስክሌት ታሪክ ከካሊፎርኒያ ብቻ ሲጀመር እነዚያ ጎማቸው የቀጠነ ሰዎች ይረሳሉ።

ዛሬ ለዚህ ዓይነት ጉዞ ከተዘጋጁት መስመሮች ዋነኛው ፔናይን ብራይድልዌይ ነው። ከደርቢሻየር ሚድልተን ቶፕ ይነሳና በሰሜን፣ ከምብሪያ ውስጥ፣ ሬቨንስተንዴል አጠገብ፣ ስትሪት በምትባል ትንሽ መንደር ያበቃል፤ ርዝመቱ 205 ማይል ወይም 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መስመሩ እንዲኖር ከታገሉት ሰዎች አንዷ ሜሪ ታውንሊ ነበረች። በ1986 ከኖርዘምበርላንድ ኮርብሪጅ እስከ ደርቢሻየር አሽበርን 250 ማይል ያህል በፈረስ ተጉዛ የፈረስ መንገዶች ምን ያህል እንደተዘነጉ አሳየች። በ2001 አረፈች። በቀጣዩ ዓመት የመስመሩ የመጀመሪያ ክፍል ሲመረቅ በስሟ ተጠራ። ይህ ክፍል በላንካሻየርና በዮርክሻየር ድንበር ላይ ዞሮ የሚገጥም የ47 ማይል ቀለበት ነው፤ 76 ኪሎ ሜትር ገደማ።

የመጀመሪያ የብዙ ቀን ጉዞውን ለሚያስብ ቡድን ከሙሉው መስመር ይልቅ ይህ ቀለበት ይሻላል። ጠንካሮች በአንድ ረጅም የበጋ ቀን ይጨርሱታል። ጓደኛሞች ግን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ከፋፍለው፣ ማታ ሸለቆ ወርደው እያደሩ ቢዞሩት መሬቱን ያዩታል። ከማንቸስተር ባቡር ተሳፍሮ ቶድሞርደን ወይም ሄብደን ብሪጅ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ በማንቸስተርና በሊድስ ለሚኖሩ ሐበሾች ይህ ሙር ከከተማው ጓሮ እንደማለት ነው።

ቀለበቱ ላይ ያለው ዳገት ቁመቱ አያስፈራም፤ የሚያደክመው ብዛቱ ነው። ሙሩ ከ400 እስከ 450 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን ሸለቆዎቹ ግን ጥልቅና ጠባብ ናቸው። መንገዱ ይወጣል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር በሜዳው ይሄዳል፣ እንደገና ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዚያ ሌላ ዳገት። በፈረስ የሚጭኑ ነጋዴዎች የጎርፍና የጭቃ መናኸሪያ ከነበረው የሸለቆ ወለል ሸሽተው ሸለቆውን በአጭሩ ይሻገሩ ስለነበር ዳገቱን አላለሰለሱትም። ፈረስ አቀበቱን ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ብስክሌተኛው ወርዶ ይገፋል።

በምዕራቡ በኩል ሩሊ ሙር ላይ ያለው መንገድ የተለየ ታሪክ አለው። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ወደ ላንካሻየር ይመጣ የነበረው ጥጥ ተቋረጠ፤ የፈትልና የሽመና ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ሠራተኛው ተራበ። ሥራ ላጡት በተዘጋጀ የዕርዳታ ሥራ በዚህ ሙር ላይ መንገዱ በጥርብ ድንጋይ ተነጠፈ። ዛሬም የጥጥ ረኃብ መንገድ ይባላል። ከተማ ውስጥ የሚያምር የድንጋይ ንጣፍ የሚመስል ነገር ሰው በሌለበት ተራራ አናት ላይ ሲገኝ ምክንያቱን ለማያውቅ እንቆቅልሽ ነው።

በምሥራቁ በኩል ከሩቅ የሚታየው ምልክት ስቱድሊ ፓይክ ነው፤ ከኮረብታ ጫፍ የቆመ 37 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ሐውልት። የመጀመሪያው የናፖሊዮን ጦርነት ማብቂያ መታሰቢያ ሆኖ ተሠርቶ በ1854 ፈረሰ፤ የአሁኑ በ1856 ተጠናቀቀ። ጉም ካልሸፈነው አቅጣጫ የጠፋበት ቡድን በእሱ ራሱን ያስተካክላል። ጉም ካለ ሐውልቱም አይረዳም፤ ያኔ ካርታና ኮምፓስ ያስፈልጋል፤ የስልክ ባትሪ ደግሞ በብርድ ቶሎ ያልቃል።

በሙር ላይ ብስክሌት መንዳት ግማሹ የማንበብ ሥራ ነው፤ የሚነበበው ደግሞ ቀለም ነው። ቡናማና ወይን ጠጅ ሄዘር ያለበት መሬት ባብዛኛው የሚሸከም ነው። ነጭ ጥጥ የመሰለ ጫፍ ያለው ሣር ሲታይ ውሃ ቅርብ ነው። ደማቅ አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ምንጣፍ የመሰለ ቦታ ግን ስፋግነም ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው እሱ ስለሆነ ጀማሪ ወደዚያው ይነዳል። የፊት ጎማ እስከ መሐሉ ይሰምጣል፣ ብስክሌቱ ቀጥ ይላል፣ ሰውየው በመሪው ላይ አልፎ በሆዱ ማጡ ላይ ይዘረጋል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ከኋላ ያሉት መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ብስክሌቱን በጋራ ይጎትታሉ። ልምድ ያለው ሰው ማጥ ሲያይ ማርሹን ቀድሞ ያቀልላል፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ፔዳሉን ሳያቋርጥ ይመታል። ካልሆነም ወርዶ ይራመዳል። ከመንገዱ ወጥቶ በጎን መዞር ግን ነውር ነው፤ እያንዳንዱ የሚዞር ሰው መንገዱን በአንድ ጎማ ያሰፋዋል፤ የተገለጠ ፒት ደግሞ በዝናብ ይታጠባል።

የቡድኑ ሥነ ሥርዓት የሚታየው በር ላይ ነው። የሙሩ ጠርዝ በድንጋይ ካብ የታጠረ ስለሆነ በቀን ውስጥ በር መክፈትና መዝጋት ሥራ ይሆናል። የብራይድልዌይ በር በሕግ ከአምስት ጫማ፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፣ መጥበብ የለበትም፤ ብዙዎቹም ፈረሰኛ ሳይወርድ እንዲከፍታቸው ከፍ ያለ እጀታ አላቸው። ቀልጣፋ ብስክሌተኛ አንድ እግሩን ሳያወርድ እጀታውን ስቦ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ያልፋል። ቀድሞ የደረሰ ይከፍታል፤ የመጨረሻው ይዘጋል። መጨረሻ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የደከመው ሰው ነው፤ ከፊት ያሉት ትንፋሻቸውን ሰብስበው ሲጨርሱ እሱ ይደርስና «እንሂድ» ይባላል። አስተዋይ ቡድን ይህን ይገለብጠዋል፤ በሩን ጠንካራው ይይዛል፣ የደከመው እንደደረሰ ያርፋል፣ ዳገት ላይም ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ይሆናል። ብዙ የጓደኛሞች ጉዞ የሚበላሸው በዝናብ ሳይሆን በዚህች ነገር ነው።

ፈረስ ሲያጋጥም ደወል ብቻ ደውሎ ማለፍ አይበቃም። ብስክሌት ድምፅ የለውም፤ ፈረስ ከኋላው በድንገት የሚደርስ ነገር አውሬ ይመስለዋል። ደንቡ ፍጥነት ቀንሶ ከሩቅ ሰላምታ መስጠት ነው፤ የሰው ድምፅ ከተሰማ ፈረሱ ይረጋጋል።

ስለ ብስክሌቱ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሱቆች ከበቂ በላይ ያወራሉ። ሰፊ ጎማ፣ ጥሩ ፍሬን፣ ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ ካለው ይበቃል። ጭነቱ በኋላ በኩል ከመቀመጫው ሥር፣ በመሪው ፊትና በብስክሌቱ አጥንት መሐል በሚታሰሩ ቦርሳዎች ይከፋፈላል፤ ጀርባ ላይ የሚታዘል ከባድ ቦርሳ ቁልቁለት ላይ ሚዛን ያሳጣል። መፍቻ፣ ጎማ መንፊያና የካቴና ማያያዣ ለእያንዳንዱ ሰው አያስፈልግም፤ ለቡድኑ ተከፋፍሎ ይያዛል። የፔናይን አሸዋ ድንጋይ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ጎማ በጎኑ ይቀደዳል። ዛሬ ብዙው ጎማ ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራ፣ በውስጡ ነጭ ፈሳሽ ያለው ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ ሲያገኝ ፈሳሹ ተፍለቅልቆ ራሱን ይደፍናል። ትልቅ ከሆነ የሚጣበቅ የጎማ ገመድ ይወተፋል፤ ያም ካልያዘ የድሮው የውስጥ ጎማ ይገባበታል። ስለዚህ ቡድኑ ሁለት ሦስት የውስጥ ጎማ ሳይዝ አይወጣም።

ምግብ ላይ የሚታየው ስህተት ሲርብ ብቻ መብላት ነው። ዳገታማ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው በሰዓት ከ400 እስከ 600 ካሎሪ ሊያቃጥል ይችላል፤ ባለሙያዎችም በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲወሰድ ይመክራሉ። እንግሊዞች ለዚህ ከአጃ፣ ከቅቤና ከሽሮፕ የሚጋገር ፍላፕጃክ የሚሉት ነገር አላቸው። ኪስ ውስጥ ይጨፈለቃል እንጂ አይበላሽም። በሶ በማር ለውሶ የሚይዝ ሰው ግን የሚጎድልበት ነገር የለም።

ሙር ላይ የሚገድለው ቅዝቃዜ ብቻውን ሳይሆን የእርጥበትና የነፋስ ድምር ነው። ሰኔ ላይ ቀኑ አሥራ ሰባት ሰዓት ይረዝማል፤ ሸለቆው ውስጥ ሰው በቲሸርት ይቀመጣል። አናቱ ላይ ግን መጠለያ የለም፣ ነፋሱ አያባራም፣ ካፊያውም በላብ የራሰውን ልብስ ያቀዘቅዘዋል። ሰውነቱ ከሚገባው በላይ የቀዘቀዘ ሰው መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ጣቱ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል፤ ጓደኛ ማስተዋል ያለበት ዝምታውን ነው። ጉዳት ከደረሰ በ999 ተደውሎ ፖሊስ፣ ከዚያም የተራራ ነፍስ አድን ይጠየቃል። ነፍስ አድኖቹ ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የስልክ መስመር በሌለበት በደቂቃ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ይነፋል፤ አንድ ደቂቃ ዕረፍት ተሰጥቶ ይደገማል።

በደረቅ ወራት ደግሞ ሥጋቱ እሳት ነው። በ2018 ሰኔ በሳድልወርዝ ሙር ላይ የተነሳው ቃጠሎ ወታደር እስኪጠራ ድረስ ለቀናት ነደደ፤ ፒት አንዴ ከተያያዘ ከመሬት በታች እየጤሰ ስለሚቆይ ውሃ ብቻ አያጠፋውም። ስለዚህ ሙር ላይ ቡና ማፍላት የሚባል ነገር የለም። በእንግሊዝ ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ ድንኳን መትከል በአብዛኛው ስለማይፈቀድም ቡድኑ ማታ ወደ መንደር ይወርዳል። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች አሉ፤ ግራውስ የምትባለው ቆቅ መሰል ወፍ ከጎማ ሥር እየጮኸች ስትበርር ደንግጦ የማይወድቅ ብስክሌተኛ የለም።

ከቀለበቱ አልፈው ሙሉውን መስመር የሚቀጥሉ ሰሜኑን የተለየ ሆኖ ያገኙታል። ዮርክሻየር ዴልስ ሲገባ ጥቁሩ ፒት ለነጭ የኖራ ድንጋይ ቦታ ይለቃል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ መንገዱ ደረቅና ፈጣን ነው። ከ2012 ጀምሮ መስመሩ በዚህ በኩል እስከ መጨረሻው ተያይዟል። ከጋርስዴል በኋላ በማለርስታንግ ሸለቆ ጎን ላይ ያለው ከፍተኛ መንገድ የጥንት መተላለፊያ ነው፤ ከሥሩ በ1876 ለመንገደኛ የተከፈተው የሴትልና የካርላይል ባቡር ሐዲድ ይታያል። መጨረሻው ስትሪት ላይ ባቡር የለም። ቡድኑ ጥቂት ኪሎ ሜትር በአስፋልት ነድቶ ኪርክቢ ስቲቨን ጣቢያ ይደርሳል። ባቡሩ የሚይዘው ጥቂት ብስክሌት ብቻ ስለሆነ አራት አምስት ሆኖ የመጣ ቡድን አንዳንዴ ለሁለት ተከፍሎ ይመለሳል፤ ቤት ሲደርስ የሚጠብቀው ሥራ ፒቱ ካቴናው ላይ ሳይደርቅ ማጠብና በአሸዋ ያለቀውን የፍሬን ሸራ መቀየር ነው።